ጦርነት ግቢ ሲገባ፦ የ«ሰስቴይንድ ዳያሎግ» የውይይት ዘዴ ሲፈተሽ

ፍርዱን እናስቀድም። ሰስቴይንድ ዳያሎግ (ቀጣይነት ያለው ውይይት) የሚባለው ዘዴ ጊዜ ላለው ዩኒቨርሲቲ ከአምስት አራት ኮከብ ይገባዋል። ሰልፉ በር ላይ ከደረሰ በኋላ «ቶሎ በሉና ተማሪዎቹን አነጋግሩልን» ለሚል ዲን ግን አንድ ኮከብም ይበዛበታል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአወያዮቹ ችሎታ ሳይሆን ዘዴው ለምን እንደተሠራ ካለማወቅ ነው።

እዚህ የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የጋዛ ጦርነት የከፋፈላቸውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማነጋገር። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ ከፈጸመው ጥቃትና ከተከተለው ጦርነት በኋላ በእነዚህ ግቢዎች የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በዲሴምበር የሦስት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች በግቢያቸው ስላለው ፀረ አይሁድነት ሊጠየቁ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ተፋጠጡ፤ የፔንሲልቬንያዋና የሃርቫርዷ በአንድ ወር ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። በኤፕሪል 2024 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተተከለው የተቃውሞ ድንኳን በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። በዚህ መሀል «ውይይት» የሚል ስም ያለው ነገር ሁሉ ገበያ አገኘ። አጭር የኢንተርኔት ኮርስ፣ የአንድ ምሽት መድረክ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ቡድን፤ ሁሉም በአንድ ስም ተጠራ። ፍጹም የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

ዘዴውን የቀረጸው ሃሮልድ ሳንደርስ ዲፕሎማት ነበር። የአሜሪካውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሄንሪ ኪሲንጀርን የመካከለኛው ምሥራቅ ምልልስ አብሮ የሠራ፣ ግብፅና እስራኤል በተደራደሩበት በ1978ቱ የካምፕ ዴቪድ ድርድር ውስጥም የነበረ ሰው ነው። ከመንግሥት ሥራ ከወጣ በኋላ፣ በ1960 በዳርትማውዝ ኮሌጅ በተጀመረው የአሜሪካውያንና የሶቪየቶች የውይይት መድረክ ውስጥ፣ በክልላዊ ግጭቶች ላይ የሚሠራውን ቡድን በኋላ የሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ከየቭጌኒ ፕሪማኮቭ ጋር መርቷል። በ1993 የዚሁ ቡድን አባላት ያንኑ ልምድ ይዘው የታጂኪስታንን የእርስ በርስ ጦርነት ወገኖች ማነጋገር ጀመሩ። የሰላም ስምምነቱ በ1997 ተፈረመ፤ ውይይቱ ግን ከዚያም በኋላ አልቆመም። ዘዴው የተሠራው ለዓመታት እየተመላለሱ ለሚገናኙ፣ ተጣልተውም ተመልሰው ለሚመጡ ሰዎች ነው ማለት ነው። በ1999 የፕሪንስተን ተማሪዎች የዘር ግንኙነትን ለመነጋገር ሲወስዱት አሳጠሩት እንጂ ባሕርዩን አልለወጡትም።

ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ላይፍ ኤንድ ፒስ ኢንስቲትዩት የተባለው የስዊድን ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ከአገር ውስጥ አጋሩ ጋር ሆኖ ይህንኑ ዘዴ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶት ነበር። እዚያ መነጋገሪያው በብሔር የተከፋፈለው የተማሪው ኑሮ ነበር።

ወደ ዕቃው እንግባ። አንድ ቡድን ከ8 እስከ 12 ተማሪ ይይዛል፤ ከ15 ካለፈ ጥጉን ይዘው ዝም የሚሉ ይበዛሉ። ሁለት አወያዮች አሉት፤ ሁለቱም ተማሪዎች፣ ከተለያየ ወገን የሚመጡ፣ ሁለት ቀን ያህል ሥልጠና የወሰዱ። በሳምንት ወይም በ15 ቀን አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር፣ ቢቻል ሁለት። ጉዞው አምስት ደረጃ አለው፦ ለመነጋገር መወሰንና ሰው መምረጥ፣ ችግሩንና ግንኙነቱን መዘርዘር፣ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ በጥልቀት መመርመር፣ መውጫ መንገዶችን ደረጃ በደረጃ ማሰብ፣ በመጨረሻም አብሮ መሥራት። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

አብዛኛው ግቢ የሚወድቀው ገና አንደኛው ላይ ነው። ኪውአር ኮድ ያለበት ፖስተር ይለጠፋል፣ ጎግል ፎርም ይከፈታል፣ የሚሞሉት ደግሞ ድሮም መነጋገር የሚወዱ ለዘብተኞች ናቸው። ስድስት ጨዋ ሰዎች ለስድስት ሳምንት በጨዋነት ይስማማሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ፎቷቸውን ይለጥፋል፤ ውጭ ድንኳኑ እንዳለ ነው። ሰው መመልመል ያለበት በአካል ነው። አወያዮቹ ከየተጋባዡ ጋር ለየብቻ ግማሽ ሰዓት ቡና ይጠጣሉ፣ ምን እንደሚፈራ ይጠይቃሉ፣ ምን እንደማይጠየቅ ይነግሩታል። የሚፈለገው የክበብ ሊቀመንበር አይደለም፤ ሊቀመንበር የአባላቱን አቋም ተሸክሞ ስለሚመጣ ሐሳቡን ማላላት አይችልም። የሚፈለገው ሊቀመንበሩ ሰምቶ የሚያምነው ጓደኛው ነው።

ቁጥሩም ይታሰብበት። ከየጠንካራው አቋም ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር። ብቻውን የገባ ፍልስጤማዊ በሁለተኛው ስብሰባ የሕዝቡ ሁሉ ቃል አቀባይ ይሆናል፣ በሦስተኛው ይቀራል፤ ብቻዋን የገባች እስራኤላዊትም እንደዚያው። ደግሞም «ሁለቱ ወገኖች» የሚባለው አከፋፈል ራሱ ያሳስታል። ቴል አቪቭ ተወልዶ ወታደር የነበረ ተማሪና ኒው ጀርሲ ያደገች አይሁዳዊት አንድ አይደሉም፤ ድንኳኑ ውስጥ ያደሩ አይሁድ ተማሪዎችም ነበሩ። ራማላ ዘመድ ያለውና ከላሆር የመጣው ሙስሊምም አንድ አይደሉም። መልማዩ ይህን ካላወቀ ቡድኑ ገና ሳይቀመጥ ተዛብቷል።

የዘዴው ዋጋ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ስብሰባ ይውሰድ፤ የቸኮለ ሁሉ ይጸጸትበታል። ሳንደርስ ግንኙነትን በአምስት ነገር ይመረምራል፦ ማንነት፣ ጥቅም፣ ኃይል፣ አንዱ ስለሌላው ያለው ግምት፣ እና የግንኙነቱ ልማድ። በ2023 መከር በብዙ ግቢ የታየ አንድ ነገር እንውሰድ፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ፣ ሐማስ ያገታቸው ሰዎች ፎቶዎች ይቀደዱ ነበር። ተራ ስብሰባ ላይ ይህ ሲነሣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ «የታገተ ሕፃን ፎቶ መቅደድ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» እና «የጋዛ ሕፃናት ፎቶ የት ተለጥፎ ያውቃል?» ላይ ይደርስና እዚያው ይደርቃል።

የሠለጠነ አወያይ ማን ልክ ነው ብሎ አይጠይቅም። ሰሌዳው ላይ አምስቱን አርእስት ጽፎ ሐሳቡን እያወጣ ይደረድራል። ማንነት፦ ለአንዷ ፎቶው የአክስቷ ልጅ ሊሆን ይችል የነበረ ሰው ነው፤ ለሌላው የእሱ ሙታን ያልተቆጠሩበት ግድግዳ ነው። ኃይል፦ የመለጠፍ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? የማን ወረቀት ነው ቶሎ የሚነሣው? ግምት፦ ስትቀድ ያየሃት ልጅ ምን እያሰበች ይመስልሃል? ልማድ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ላውንጅ ውስጥ ከማን ጋር መቀመጥ ተውሽ? ጥቅም፦ እዚህ ግቢ ውስጥ እስክትመረቅ ድረስ ምን ካልተሟላልህ መማር አትችልም? ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስለ ጦርነቱ የተስማማ የለም። ሰሌዳው ላይ ግን ሊሠራበት የሚችል ነገር አለ፦ የማስታወቂያ ፈቃድ ደንብ፣ ሰው የሚሸሸው ላውንጅ፣ ሐዘን ላይ ላለ ተማሪ ፈተና የማያራዝም መምህር። አምስተኛው ደረጃ ላይ የሚሠራውም ይኸው ነው። ቡድኑ ተኩስ ሊያስቆም አይችልም፤ ይህን መጀመሪያውኑ መንገር ግዴታ ነው።

ጥያቄ አጠያየቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ለምን እንዲህ አሰብሽ?» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ክስ ነው፤ «እዚህ ሐሳብ ላይ ምን አደረሰሽ?» ሲባል ሰው ታሪኩን ያወራል። «ሐማስን ታወግዛለህ?» እና «የዘር ማጥፋት ነው ብለህ ታምናለህ?» የሚሉት ሁለቱ የመግቢያ ፈተናዎች ደግሞ በሩ ላይ ይቅሩ። ውይይት የማይገባቸው ስለሆኑ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያገለግሉት ሰው ለመለየት ብቻ ስለሆነ ነው። በአምስተኛው ስብሰባ ራሳቸው ተሳታፊዎቹ ያነሡዋቸዋል፣ ያን ጊዜ መልሱ ከሁለት ቃል ይረዝማል።

አሁን ወደሚበላሸው። አንደኛው አደጋ ስልክ ነው። ኦክቶበር 2023 ሃርቫርድ አካባቢ የተማሪዎችን ስምና ፎቶ በስክሪን ተሸክሞ የሚዞር መኪና ነበር። ይህን ያየ ተማሪ «እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል» የሚል ቃል ብቻውን አያሳምነውም። ስልኮች በር ላይ ካለ ሣጥን ይግቡ፤ የስም ዝርዝር በኢሜይል አይላክ፤ ቃለ ጉባኤ ስም አይያዝ፤ የተሳታፊ ዝርዝር ለአስተዳደሩም አይድረስ። ደንቡ «የተማርከውን ውሰድ፣ ማን እንዳለው ተው» ይሁን። አንድ ስክሪንሾት ወጥቶ ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ ቡድኑ አልቋል፤ ለማዳን መሞከርም ጊዜ ማባከን ነው፣ በትኖ በአዲስ ሰው መጀመር ይሻላል።

ሁለተኛው አስተዳደሩ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጣችንን አንደብቅም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ከእስራኤል ጋር ከሚሠሩ ኩባንያዎች ያውጣ ብለው ጥያቄ ሲያቀርቡ «ለውይይት መድረክ አዘጋጅተናል» ብሎ መመለስ ማታለል ነው። ያ ጥያቄ ውሳኔ ይፈልጋል፤ እሺም እምቢም ይባል፣ ምክንያቱ ይነገር። ውይይት የውሳኔ ማምለጫ ሲሆን ሁሉም ወዲያው ይነቃል፣ ቃሉም ለዓመታት ይቆሽሻል።

ሦስተኛው ከፍልስጤም ደጋፊዎች በኩል የሚነሣው ተቃውሞ ነው፦ እኩል ያልሆኑትን በእኩል ወንበር ማስቀመጥ ያለውን ሁኔታ ልክ ማስመሰል ነው፣ ስለዚህ አንገባም ይላሉ። አብዛኛው አወያይ ይህን እንደ ግትርነት ይቆጥረዋል፤ ስሕተት ነው። ኃይል ከአምስቱ አርእስት አንዱ ነውና ተቃውሞው ራሱ ሰሌዳው ላይ ቦታ አለው። ይህ እየተነገራቸውም እምቢ የሚሉ ይኖራሉ፤ መብታቸው ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ አይሁድ ተማሪዎች «ደኅንነቴን ለድርድር አላቀርብም» ብለው ይቀራሉ፤ ዛቻ ወይም ጥቃት የደረሰበት ተማሪ ጉዳይም የዲሲፕሊን ክፍል እንጂ የውይይት ቡድን ሥራ አይደለም። አቤቱታን ወደ ውይይት መግፋት የአገልግሎቱ ትልቁ አላግባብ አጠቃቀም ነው።

ትናንሽ የሚመስሉ ግን ቡድን የሚያፈርሱም አሉ። ዓርብ ቀጠሮ አይያዝ፤ እኩለ ቀን ጁምዓ፣ ማታ የአይሁድ ሰንበት ነው። በረመዳን የማታ ስብሰባ ወይ ከኢፍጣር በፊት ይለቅ ወይ በኋላ ይጀምር። ምግብ ከቀረበ ሁሉም የሚበላው ይሁን፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ሁሉ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) ነው ማለት አይደለም፣ አጥብቀው ለሚጠብቁ ማኅተም ያለበት እሽግ ምግብ መኖር አለበት። (የእኛ የጾም በያይነቱ ሐላሉንም ቬጋኑንም ይገላግላል፤ ኮሸሩን ግን አይገላግልም።) ክብ ወንበር እንጂ ጠረጴዛ አይደርደር። ከባድ ዜና በመጣ ቀን ስብሰባውን ከመሰረዝ ይልቅ አጀንዳውን ጥሎ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ስለ ቀኑ ይናገር፣ ሌላው አይመልስ፣ ከዚያ ይለቀቅ። በሦስተኛውና በአራተኛው ስብሰባ መካከል ሁለት ሰው መቅረቱ የተለመደ ነው፤ አወያዩ በማግሥቱ ካልደወለ አራት ይሆናሉ።

አማራጮቹስ? ዳርትማውዝ ኮሌጅ በኦክቶበር 10 እና 12 ቀን 2023 የአይሁድ ጥናትና የመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት መምህራንን አንድ መድረክ ላይ አቅርቦ ሕዝባዊ ውይይት አካሂዷል፤ በወቅቱ ብዙ ተወድሷል፣ ሊወደስም ይገባዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መምህራኑ ከጦርነቱ በፊት የሚተዋወቁ መሆናቸው ነው፦ የቀድሞው የግብፅ ዲፕሎማት ኢዘዲን ፊሸሬና በርናርድ አቪሻይ የእስራኤልና የፍልስጤምን ፖለቲካ አብረው ያስተምሩ ነበር። በሦስት ቀን የተዘጋጀ የሚመስለው መድረክ የዓመታት ሥራ ነበረው። በዚያው ኮሌጅ ሜይ 1 ቀን 2024 ፖሊስ ድንኳን ሊያነሣ ገብቶ 89 ሰው አሰረ፤ ከታሰሩት መካከል ቀደም ሲል የአይሁድ ጥናት ክፍልን የመሩ የታሪክ ፕሮፌሰር ይገኙበታል። መድረኩ መረጃ ይሰጣል፣ የአነጋገር ምሳሌም ያሳያል፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ ከጎረቤቱ ጋር ግን አያነጋግረውም።

በ1989 የተመሠረተው ኢሴንሻል ፓርትነርስ የሚያሠለጥነው ዘዴ ለአንድ ምሽት የተሻለ ነው። ጥያቄው አስቀድሞ ይታወቃል፣ እያንዳንዱ በሰዓት ይናገራል፣ በመሀል ዝምታ አለ፣ «ልለፍ» ማለት ይቻላል፣ መጠየቅ የሚቻለው ዙሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዶርም ውስጥ ፎቅ ለሚያስተዳድሩ ተማሪዎችና ለትምህርት ክፍሎች ይመቻል። ለውጥ አይጠበቅበት፤ ጩኸት ይቀንሳል፣ በቃ። ለፍሬሽማን የሚሰጡት አጫጭር የኢንተርኔት ኮርሶች ስለ ማዳመጥ መጠነኛ ዕውቀት ይሰጣሉ፤ ጦርነት ላይ ግን አይደርሱም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከራሷ ከእስራኤል ነው። አይሁድና ዐረቦች አብረው በሚኖሩበት በኔቬ ሻሎም ዋሐት አል ሰላም መንደር ከ1979 ጀምሮ የሚሠራው የሰላም ትምህርት ቤት አይሁድና ዐረቦችን ሲያገናኝ አንድ አይሁዳዊና አንድ ዐረብ አወያይ ይመድባል፤ በመሀል መሀል ደግሞ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ይቀመጣል። ሰስቴይንድ ዳያሎግ ይህ ለብቻ የመቀመጥ ነገር ይጎድለዋል። ቢያንስ በየአራት ስብሰባው አንዴ ቢጨመርበት ጥሩ ነው፤ ሰው በሌላው ፊት የሚሸማቀቅበትን የውስጥ ልዩነት እዚያ ያወጣዋል። የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች የ2023ን ትምህርት የጀመሩት እስከ ዲሴምበር 31 አዘግይተው ነበር። ከሚሉዊም (ከተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) የተመለሰው ተማሪ፣ የቤተ እስራኤል ልጆች ጭምር፣ ስለ ጦርነቱ የሚለውን ሁሉ ዐረብ የክፍል ጓደኛው ፊት መጀመሪያ እንዲያወጣው መጠበቅ ለሁለቱም ከባድ ነው።

ወጪውን በተመለከተ አወያዮቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ርካሽ ይመስላል፤ አይደለም። ሥልጠና አለ፣ በየሳምንቱ አወያዮቹን ተቀብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ አለ። ይህ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሥራው ይህ ካልሆነ አወያዮቹ በሁለት ወር ይደክማሉ። በተለይ የራሳቸው ወገን እየሞተ ሌላውን «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» የሚሉት አወያዮች። ለእነሱ ተተኪ ሦስተኛ ሰው ይሠልጥን።

ይህን ዘዴ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ለመነጋገር የሚያስቡ የሐበሻ ተማሪ ማኅበራትም በውጭ አሉ፣ አገር ቤትም መምህራን ይጠይቃሉ። ከ2020 እስከ 2022 የነበረውን ጦርነት እያንዳንዱ በሚጠራበት ስም ይጥራው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስብሰባዎች እርማት አይፈቀድ። በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገሩ አወያዩ ብቻውን አይወስን፤ ያ ራሱ የኃይል ጥያቄ ነው፣ በግል ቡናው ላይ ይጠየቅ። አገር ቤት ደግሞ ስጋቱ ስክሪንሾት ብቻ አይደለምና፣ ግቢው ውስጥ የተናገረውን ይዞ የሚሄድ ሰው ስለመኖሩ ተሳታፊው ያለውን ጥርጣሬ ማጣጣል አይገባም። አዘጋጁ ለተሳታፊዎች ሊሰጥ የማይችለውን ዋስትና ቃል አይግባ።

ከመዋዋል በፊት አቅራቢውን የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ ተሳታፊውን ማን ይመለምላል፣ ዝርዝሩን ማን ያያል፣ አወያዮቹን በየሳምንቱ ማን ያነጋግራቸዋል። ሦስተኛው መልስ ካጣ ውሉ ይቆይ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ብቻ ከቀረውም አይጀመር፤ በቀረው ጊዜ የአንድ ምሽቱን ዘዴ ተጠቅሞ፣ ጎን ለጎን ለመጪው መስከረም የግል ቡናውን መጠጣት ይሻላል።